በጆንያ የተወተፈ መስኮት

ወርቅአየሁ ወጥ ጥዳ ሳለ እኔ በግቢው ካለፍኩ የማድ ቤቷን በር ትዘጋለች። እኔ ደጊቱ፣ የወንድሟ የእንግዳው ሚስት ነኝ። ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን፣ በአንድ ገመድ ልብስ እያሰጣን፣ የመጀመሪያ ልጄ ተወልዶ አድጎ ትዳር ይዞ እስኪወጣ አንድ ግቢ ውስጥ ኖረናል። ይህን ሁሉ ዘመን የእሷን ድስት ውስጡን አይቼ አላውቅም። ሽንኩርቱ ሲቁላላ አውቃለሁ፣ ሲያርርም ከእሷ ቀድሜ አውቃለሁ፤ «እትዬ፣ እያረረብዎ ነው» ብዬ ከውጭ የጮህኩበት ቀን ብዙ ነው። ከውስጥ ስታማስል ይሰማኛል። በሩን ግን አትከፍትም።

ምክንያቱን ማንም ፊት ለፊት ነግሮኝ አያውቅም፤ መንገርም አያስፈልግ። እናቴ ዳንግላ አጠገብ ሸክላ ትሠራ ነበር። ድስትና እንስራ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ሰው ድስቱን ከእናቴ እጅ ገዝቶ ይወስድና በዚያው ድስት የሠራውን ወጥ እናቴ እንዳታየው ይከድነዋል። ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ክፉ ነው፣ ያየችው ምግብ የበላውን ሰው ሆድ ይቆርጣል ይላሉ። እኔ ጭቃ አቡክቼ አላውቅም፤ ከአዲስ ቅዳም የሚመጣ ከሰል እየተረከብኩ እዚህ ቆሰበር የምቸረችር ነጋዴ ነኝ። ከሰል የያዝኩትም ወድጄ አይደለም። መጀመሪያ ዳቦ ጋግሬ ልሸጥ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ዳቦዬ እንደተቆለለ አድሮ እኛው በላነው። ከሰል ግን ማንም አይበላውም፣ ስለዚህ ይገዙኛል። ዓይን በዘር ይሄዳል ነው የሚሉት።

ወርቅአየሁ ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ሁለተኛው ልጄ ሞቶ የተወለደ ጊዜ ገላዬን ያጠበችኝ፣ አጥሚት በጭልፋ እያቀመሰች ያነሳችኝ እሷ ናት። አጥሚቱን ግን በሯን ዘግታ ሠርታ፣ ክዳኑን በነጠላ አስራ ነው ያመጣችልኝ። ጠላቴ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

በነሐሴ ሚካኤል ዕለት ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ። የማኅበሩ ተራ የወርቅአየሁ ስለሆነ ጎረቤታችን ብርሃን ሽንኩርት ልትከትፍላት በጊዜ መጥታለች። እኔ ቧንቧው ጋ ባልዲ ደቅኜ ቆሜያለሁ። የማድ ቤቱ በር እንደ ልማዱ ዝግ ነው፤ ጭቃ ግድግዳ ግን ወሬ አይከለክልም። ሰውነት የሚባለው የወርቅአየሁ የልጅ ልጅ ይስላል። እናቱ ባሕር ዳር ሥራ ይዛ ለአያቱ ትታው የሄደች፣ ገና አፉን በደንብ ያልፈታ ልጅ ነው። ሲስል ትንሽ ደረቱ እንደ ወናፍ ሲያፏጭ ከውጭ ይሰማል።

«ይኼ ልጅ እንዲህ የሆነብኝ እንጀራ ሲበላ ያየችው ለታ ነው» አለች ወርቅአየሁ።

«ማን?»

«ማን ትሆናለች።»

ብርሃን መክተፏን ቀጠለች። የቢላዋው ድምፅ ብቻ ነው የተሰማኝ። ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት። ድስቷን እንዳላይ በሩን መዝጋቷን ችዬ ኖሬያለሁ። የልጁን ሳል በእኔ ላይ ስትለጥፍ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ ቤቴ እየመጣ ጭኔ ላይ ይተኛል፤ ከሰል የነካ እጄን እየላሰ የሚስቅ ልጅ ነው።

ማድ ቤቱን ያላየ ሰው ነገሩን አይረዳውም። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮው ከውስጥ ከመጥቆሩ የተነሳ ጥላሸቱ እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ቆሰበር ነሐሴ ውስጥ ፀሐይ አይወጣም። እንጨቱ እርጥብ ነው፤ ሲነድ ያለቅሳል፣ ከእሳቱ ጭሱ ይበዛል። ባለፈው በጋ ሜላት የምትባል ወጣት መጣች። ቤት ውስጥ ስላለ አየር የሚያጠና ድርጅት ልኳት ነው። ቀበሌው ሰበሰበንና «ሜላት የሰው ጠባይ ነው የተማረችው» ብሎ አስተዋወቀን። ብርሃን ከኋላ ሆና፣ «ጠባይ ለመማር ምን ያህል መንገድ መጣሽ፤ እኛ ግቢ አንድ ሳምንት ብትቀመጪ ትመረቂ ነበር» ስትላት ልጅቷ ከሁላችንም በላይ ሳቀች። ያን ጊዜ ነው የወደድኳት። ጭስ ይጎዳል ብላ አልሰበከችንም። «ጭስ እንደሚጎዳ ታውቃላችሁ፣ ዓይናችሁ ነው የሚነድደው። እኔ የምፈልገው እያወቃችሁ ለምን እንደማትከፍቱ ነው» አለችን። ፈቃደኛ ለሆኑት ቤቶች በድርጅቱ ወጪ ለማድ ቤታቸው መስኮት አስከፈተች። እንጨት ከማቀጣጠላችሁ በፊት መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቱ፣ ክብሪት ስትይዙ መስኮቱ ትዝ ይበላችሁ፣ ሁለቱን አንድ ሥራ አድርጉት አለች። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ትንሽ መሣሪያም ሰጠች፤ አየሩ ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሲከፋ ቀይ ታበራለች። ሁላችንም «መብራቷ» እንላታለን።

የወርቅአየሁ መስኮት የተከፈተው በእኔ በር ትክክል ነው። ሌላ ቦታ አልነበረም፤ በአንዱ በኩል የጎረቤት ግንብ፣ በሌላው በኩል በረት ነው። አናጺው ወጥቶ ሳይጨርስ ወርቅአየሁ በጆንያ ወተፈችው። ሜላት ስትመጣ ታነሳዋለች፣ ስትሄድ ትወትፈዋለች። ብርድ ነው ትላለች፣ ዝናብ ነው ትላለች፣ ድመት ገብቶ ድስት ገለበጠብኝ ትላለች። መብራቷ ግን ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት።

ባልዲዬን ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ እንግዳው በራችን ፊት ለፊት ጉድጓድ ይቆፍራል። አጠገቡ የተሰነጠቀ ቀርቀሃ ተከምሯል። ባሌ ዝምተኛ ነው፤ ሥራ ሲጀምር ምን እንደሚሠራ አይናገርም፣ ሲጨርስም አይናገርም። ዛሬ ግን ቆሜ ስጠብቀው ቀና አለ።

«ትንሽ ግርዶሽ ነገር ነው» አለ። «ከበራችን ፊት። እንዳይተያይ። መስኮቱን ትከፍታለች ብዬ ነው፤ ለልጁ ብዬ።»

«እሷ ናት ያለችህ?»

«እሷ ምንም አላለችም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።»

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ቀርቀሃው ቢቆም መስኮቱ ይከፈታል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ልጁ ይተነፍሳል። እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ እንደ ሽንት ቤት ተጋርጄ እኖራለሁ። ከበሬ ወጥቼ ግራ ታጥፌ፣ ቀኝ ታጥፌ ግቢዬን አያለሁ። ልጆቼ ለበዓል ሲመጡ «ይኼ ምንድነው?» ይላሉ፤ እንግዳውም ዝም ይላል፣ እኔም ዝም እላለሁ። እሱ ቆፈረ፣ እኔ ቆሜ አየሁት። በመጨረሻ ሻርፔን ደርቤ ወደ ከሰሌ ሄድኩ።

ከሰል የምሸጠው ባጃጆች ከሚቆሙበት ወረድ ብሎ ነው። ነሐሴ ለእኔ ጥሩ ወር ነው፤ እንጨት ስለሚረጥብ ሁሉም ከሰል ይፈልጋል፣ አንድ ጆንያ በጋ ከሚሸጥበት ሁለት መቶ ብር ይጨምራል። ሰዉ ይነዘንዛል። «እትዬ ደጊቱ፣ ቀንሺልን እንጂ፣ ፍልሰታ ነው» ይሉኛል። «ፍልሰታ ከሰል አይጾምም» እላቸዋለሁ። በስልክ ልላክልሽ ይሉኛል፣ ኔትወርክ የለም እላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ያን ቀን ግን አፌ ላይ ቀልድ አልመጣልኝም። አንዷ ደንበኛዬ ሳትከራከረኝ ከፍላ ስትሄድ ነው ፊቴ ጠቁሮ እንደነበር የገባኝ።

ሜላት መጣች። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ቀሚሷ ይጠቁራል ብትሏት አትሰማም።

«እትዬ ደጊቱ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል» አለችኝ። «የእትዬ ወርቅአየሁ መብራት አንድ ቀን ቀይ ሆና አታውቅም። ልጁ ግን እየባሰበት ነው። ትናንት ጤና ጣቢያ አግኝቻቸው ነበር፤ ከጭስ ካልራቀ ሆስፒታል ይተኛል ብለዋቸዋል።»

«መብራቷ የት ሆና ነው አረንጓዴ የምትሆነው?»

«ማድ ቤት ነዋ።»

«መኝታ ቤት ነው ያለችው። በሰውነት ካልሲ ውስጥ፣ ትራስ ሥር። አንቺ ስትመጪ ትሰቀላለች።»

ልጅቷ አፏን ያዘች። ሳቋን ይሁን ልቅሶዋን የያዘችው አልለየሁም። «ለምን?» አለችኝ።

«ብልጭ ድርግም ትላለች። ዓይን ትመስላለች። እዚያ ቤት ዓይን ያለው ነገር ወጥ አጠገብ አይቆምም።»

«መስኮቱስ? ድመት ይገባል ነው ያሉኝ።»

«ድመቷ እኔ ነኝ» አልኳት።

ወደ እኔ ጠጋ አለች። እኔም ነገርኳት፤ የእናቴን ሸክላ፣ የዳቦውን ነገር፣ ጠዋት የሰማሁትን፣ የእንግዳውን ቀርቀሃ። ለማንም እንዲህ ዘርዝሬ ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ አገር ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አይናገረውም። ሜላት እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «ስህተቱ የእኔም ነው» አለች። «መስኮት ሲከፈት ማን ወደ ማን እንደሚያይ መጠየቅ ነበረብኝ። ጭሱን ብቻ ነው ያሰብኩት።»

«አሁን ያወቅሽውን ይዘሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እውነቱን ልንገርዎት። ሰው እንዲህ ያለ ፍርሃት ስለነገሩት አይተወውም። እኔ ብናገር ሐኪም ቢናገር ያው ነው። የሚፈራውን ሰው አጠገቡ አድርጎ አብሮ ሠርቶ፣ አብሮ በልቶ፣ ምንም ሳይሆን ሲያድር ነው የሚለቀው፤ እሱም ቀስ እያለ። ደግሞ ሰው የሚከተለው ጎረቤቱን ነው። አንድ የሚያከብሩት ሰው ሲጀምር ካዩ ሌሎቹ ለመቅረት ያፍራሉ። እኔ አብራችሁ ሥሩ ብዬ ላጣምዳችሁ እችላለሁ፤ ግን እሳቸው እምቢ ቢሉና ነገሩ ቢበላሽ እኔ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ እርስዎ እዚያው ግቢ ይቀራሉ። ስለዚህ ያድርጉ አልልዎትም።»

«ቀርቀሃውስ?»

«ጭሱን ያስወጣል። እርስዎን ግን ያስቀራል» አለችኝ፤ ከጆንያው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ወድጄው ነው የሰማሁት፤ ራሷን አዋቂ አስመስላ ስላልዋሸችኝ። ተሲያት ላይ ከሰሌን በሸራ ሸፍኜ ወደ ቤት ሄድኩ።

ቅዳሴ ሊወጣ ነው። የማኅበሩ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ግቢያችን ውስጥ ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው፤ ብርሃን ሳሎኑን ታነጥፋለች፣ የጎረቤት ልጃገረዶች ሳህን ያጥባሉ፣ ወርቅአየሁ ማድ ቤት ናት፣ እኔ ውኃ አመላልሳለሁ። የማኅበር ቀን የእኔ ሥራ ውኃና አግዳሚ ወንበር ነው፤ ማንም መድቦኝ አያውቅም፣ ግን ሌላ ነገር ልሥራ ስል ሁልጊዜ «አንቺ ውኃውን» የምትል ሴት አትጠፋም። እንግዳው ቀርቀሃውን እስከ ደረቴ አድርሶታል። በላዩ ነው ግቢውን ያየሁት። የማድ ቤቱ መስኮት በጆንያ ተወትፎ፣ በጆንያው ዳር ዳር ጭስ እንደ ውኃ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ከውስጥ የሰውነት ሳል ይሰማል፤ አያቱ አዝላዋለች። አስቀምጣው ብትወጣ ያለቅሳል፣ አዝላው ብትገባ ያፍነዋል።

ሴቶቹ መጡ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ዝናብ መቷቸው፣ ነጠላቸው ረጥቦ፣ ሆዳቸው ተጣብቆ ነው የገቡት። ትልቋ እማማ ማሚቱ ናቸው፤ ሁሉም ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ሌላ ማኅበር ስለሚጠብቃቸው ወዲያው ሄዱ። አሁን የቀረው ወጡ ነው። በፍልሰታ ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው አትቀምስም፤ በግምት ጨምራ፣ አሽትታ ታወጣዋለች። ቅዳሴ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትቀምሰው ባለተራዋ ናት፤ ጨዉን ካስተካከለች በኋላ ነው ወጡ ለሰው የሚቀርበው። ወርቅአየሁ ለመቅመስ ገባች፣ በሩንም ዘጋች። ሰውነት ጀርባዋ ላይ ሆኖ ሳሉ ጀመረው። ሳለና መጨረስ አቃተው። ሳሎን ያሉት ሴቶች ወሬ አቆሙ። እማማ ማሚቱ «ማርያም ትማርልሽ የኔ ልጅ» አሉ፣ ሌላዋ «ምን ጉድ ነው» አለች፤ ማንም ግን ከመቀመጫው አልተነሳም። ወደ እኔ ያየች አንዷ ነበረች፤ ዓይኗን ቶሎ መለሰች።

ጀሪካኑን አስቀመጥኩ።

የማድ ቤቱ በር መቀርቀሪያ የለውም፤ ከውስጥ በድንጋይ ነው የሚደገፈው። በትከሻዬ ስገፋው ድንጋዩ ተንሸራተተ። ጭሱ ፊቴን መታኝ፤ ለትንሽ ጊዜ ሰው አይታየኝም ነበር። ወርቅአየሁ እኔ መሆኔን ስታይ መጀመሪያ ያደረገችው ነጠላዋን ድስቱ ላይ መወርወር ነው። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። አልፌያት ወደ መስኮቱ ሄድኩና ጆንያውን ያዝኩት። አጥብቃ ወትፋዋለች፤ ሁለት ጊዜ ስቤ ነው የወጣው። የቀን ብርሃኑም ነፋሱም አንድ ላይ ገቡ። ጆንያውን ሳየው የእኔ ነው፤ የከሰል ጆንያ፣ ባዶውን የሰጠኋት። ውጭ ጣልኩት። ከዚያ ሰውነትን ከጀርባዋ ፈትቼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። አልከለከለችኝም፤ እጇ ድስቱን ይዞ ነበር። ልጁ አየሩን እንደ ጥም ውኃ ጎተተው።

በአንድ እጄ ልጁን እንደያዝኩ በሌላው ነጠላዋን ከድስቱ ላይ አነሳሁ። የድንች ወጥ ነው። ቀይ፣ ወፍራም፣ ዘይቱ ወጣ ብሎ፤ የሚያምር ወጥ ነው። ጭልፋውን አነሳሁ፣ ልጁን ባቀፈው እጄ መዳፍ ላይ ጠብ አደረግሁና ላስኩት።

«ጨው አንሶታል» አልኩ።

«ምን አደረግሽ?» አለች ወርቅአየሁ።

«ቀመስኩ።»

«ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ! ማኅበር ነው እኮ! ሚካኤል ነው እኮ!»

በሩ ላይ ሴቶቹ ተደርድረዋል። ብርሃን ከፊት ናት። ሌላ ቀን ቢሆን ውኃዬን አንስቼ እወጣ ነበር። ያን ቀን አልወጣሁም።

«እትዬ» አልኳት፣ «የእኔ ማድ ቤት በር አንድ ቀን ተዘግቶ ያውቃል? እዚህ ግቢ ከገባሁ ጀምሮ የእርስዎ ዓይን ከድስቴ ተነቅሎ አያውቅም። ምን እንደጣድኩ ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ። ዓይን ወጥ የሚያበላሽ ከሆነ እኔ ድሮ መሞት ነበረብኝ። ይኸው ወፍሬ በበር ለመግባት በጎኔ ነው የምዞረው።»

ብርሃን ሳቋ አመለጣት። «ይህስ እውነቷን ነው» አለች፤ ከኋላዋ አንዷ ጎሸመቻት።

«ይህን ልጅ የማየው እንደ ልጄ ነው» አልኩ። «እኔ አይቼው አይደለም የታመመው። ከእኔ ሊደብቁት ብለው ጭስ ውስጥ ስላሰነበቱት ነው። ሐኪሙ ነግሮዎታል፤ እኔም እየነገርኩዎት ነው። አሁን ወይ ወጡን ለውሻ ይድፉትና ሰዉን ደረቅ ዳቦ ያብሉት፣ ወይ ጨው ይጨምሩበት።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ጭሱ በመስኮቱ እየተጠቀለለ ሲወጣ ወርቅአየሁ አየችው፤ ቆማ አየችው። ከዚያ ልጁን አየች። ትከሻዬ ላይ ራሱን ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ደረቱ አሁንም ያፏጫል፣ ግን አይስልም። በሩ ላይ ያሉትን ሴቶች አየች። የእሷ ማኅበር ነው፣ የእሷ ተራ ነው፤ ወጡን ብትደፋው ውርደቱ የእሷ ነው፣ ብታቀርበውም የምትጠየቀው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ስታሰላ ፊቷ ላይ አነበብኩት፤ ብዙ ዘመን አብረን ኖረናልና። እጇን ወደ ጨው ዕቃው ዘረጋች።

«ምን ያህል ይበቃዋል?» አለችኝ።

«ግማሽ ማንኪያ።»

ግማሽ ማንኪያ ጨመረች። አማሰለች። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፤ ሁሉም እያያት። ዋጠች። «ቅንጣት ይጨመር» አለችና ራሷ ጨመረች።

ድስቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጁን ለብርሃን ሰጥቼ፣ በጨርቅ ግራና ቀኙን ይዤ ግቢውን ሳቋርጥ እንግዳው ዝናብ ውስጥ ቀርቀሃ በእጁ ይዞ ቆሟል። መስኮቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ድስቱን ያያል።

«ንቀለው» አልኩት። «ለዶሮ ቤት ይሆናል።»

«እሺ» አለ። መንቀል ሲጀምር ሰማሁት።

ሳሎኑ ውስጥ ሴቶቹ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ እንጀራ የተዘረጋበት ሳህን ጭናቸው ላይ ነው። ከወርቅአየሁ ጀመርኩ። ባለተራ መጨረሻ ነው የምትበላው፤ እሷ ግን ሳህኗን አስቀድማ ዘረጋችልኝ። ጨለፍኩላት። ሰውነትን ከብርሃን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እንጀራውን ቆርሳ ጠቀለለች። እጇ ልጁ አፍ አጠገብ ሲደርስ ቆም አለ። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት፣ ዓይኔን አልሰበርኩም፤ ለማን ብዬ ነው የምሰብረው? ጉርሻውን አፉ ውስጥ አደረገችለት፣ ልጁም አኘከና አፉን እንደገና ከፈተ። ብርሃን ወዲያው «ለእኔ ድንቹን አብዢልኝ፤ ዓይንሽ ካረፈበት አይቀር ትልቅ ትልቁን» አለችኝ፤ ሳቁ ከዚያ ነው የጀመረው። ከእሷ በኋላ አንዷ ሳህኗን ዘረጋች፣ አጠገቧ ያለችው እሷን አይታ ዘረጋች፤ አንዷ ደግሞ ወርቅአየሁ ስትበላ አሻግራ ካየች በኋላ ነው የዘረጋችው። አንድ ሁለቱ ቅመሱ አትቅመሱ ሆነው እንጀራውን ዳር ዳሩን ሲጎርሱ አይቻለሁ። ምንም አላልኳቸውም፤ ቀስ እያለ ነው ብላኛለች ሜላት።

እማማ ማሚቱ ጋ ስደርስ መዳፋቸውን ሳህናቸው ላይ ከደኑት።

«ይብቃኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ» አሉ።

«ከጠዋት ጀምሮ ጾመው ከምኑ ጠገቡ እማማ?»

እማማ ማሚቱ ወደ ወርቅአየሁ ዞሩ፤ ወርቅአየሁ እየበላች ነው፣ አንገቷን አላቀናችም። ወደ ጣሪያው አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ጎንበስ ብዬ ድስቱን መሬት አስቀመጥኩ፤ ጭልፋውን ይዤ ፊታቸው ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እኔ አልቸኩልም፣ እማማ» አልኳቸው።

መዳፋቸውን ከሳህኑ ላይ እስኪያነሱ ድረስ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ሁለት ጭልፋ አደረግሁላቸው።